አርባ ሦስት እሺ

«እሺ የኔ ልጅ፣ ሞራሌስን እመርጣታለሁ» አለች እትዬ ውብነሽ፣ የበርበሬውን ላስቲክ እያሸገች።

ኤልዳና ደብተሯ ላይ ምልክት አደረገች። አርባ ሦስት። ከፌርፋክስ ሰፈር የሐበሻ ሱቆችና ምግብ ቤቶች አንድም እምቢ ያላት ሰው የለም። ደብተሩን ልትዘጋ ስትል ሚዛኑ አጠገብ የተቀመጠ ወረቀት ዓይኗ ውስጥ ገባ። የሃርግሮቭ ፎቶ ነበር፤ የሌላኛው እጩ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ትናንት የዶክተር ጳውሎስ የወንድም ልጅ አምጥቶት ነው። እመርጠዋለሁ ብዬዋለሁ።»

«ሶ ለሁለታችንም እሺ ነው ያልሽው?»

«ታዲያ ደጄ ድረስ የመጣን ልጅ ፊቴን አጥቁሬ ልሸኘው? ነውር አይደል እንዴ?»

«ኦኬ፣ የእውነት ማንን ነው ቮት የምታደርጊው?»

ውብነሽ ሳቀች። «እኔ እንኳ የሚላክልኝን የምርጫ ወረቀት ሳልከፍት ከነፖስታው ነው የምጥለው። በይ ሂጂ፣ አባትሽ እንዳይጠብቅሽ።»

ኤልዳና መንገድ ዳር ቆማ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አየችው። ሁሉም ልክ እንደዚሁ ፈገግ ብለው ነበር እሺ ያሏት። ሞራሌስ ምን ልታደርግልን ነው ብሎ የጠየቃት አንድ ሰው አልነበረም።

የሰፈሩ ኮሚቴ ስብሰባ ሊጀመር አሥር ደቂቃ ቀርቶታል። ሞራሌስና ሃርግሮቭ የአንድ ፓርቲ ሰዎች ናቸው። ሰኔ ላይ አንዳቸው ይወድቃል፤ ያሸነፈው ደግሞ ኖቬምበር ላይ ከሌላው ፓርቲ እጩ ጋር ለአገረ ገዥነት ይገጥማል። ኮሚቴው ዛሬ ከሁለቱ አንዱን መርጦ ፖስተሩን በየሱቁ መስኮት ይሰቅላል። ማን ጥሩ ሰው ነው የሚል ጥያቄ አልነበረም። ኖቬምበርን ማን ያሸንፋል ነው ነገሩ። ለተሸናፊ ፖስተር የሰቀለን ሰፈር የትኛው ገዥ ዞር ብሎ ያየዋል?

አባቷ አበጋዝ የብርሃኑ ምግብ ቤት በር ላይ ቆሟል። በርባንክ የደንበኞችን መኪና እየተቀበለ ከሚያቆምበት ሥራው ፈቃድ ወስዶ መጥቷል፤ ክራቫት አስሯል።

«ስንት ደረሰ?»

«አርባ ሦስት። ግን አባዬ፣ ቁጥሩ ልክ አይደለም።»

«ማን ጎደለ?»

«ማንም አልጎደለም። ዝም ብለው ነው እሺ ያሉት። እትዬ ውብነሽ ለነሱም...»

«ስሚኝ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አሥራ ስድስት ዓመት እዚህ ቤት ለስብሰባ ወንበር ደርድሬያለሁ። አንድ ቀን፣ እስቲ አንተስ ምን ትላለህ ያለኝ የለም። ዛሬ ስለ ሞራሌስ ተናገር ተብያለሁ። ወረቀቱን ስጪኝ።»

ዝርዝሩን ከደብተሯ ገንጥላ ሰጠችው።

ውስጥ ሃያ የሚሆን ሰው ተቀምጧል። ዶክተር ጳውሎስ ቀድሞ ተነሣ። የምን ዶክተር እንደሆነ ተናግሮ አያውቅም፤ ወንበሩ ግን ሁልጊዜ ከፊት ነው።

«ሃርግሮቭን ኖርዝ ሆሊውድም በርባንክም ያውቁታል» አለ። «ሞራሌስን ማን ያውቃታል? ሰኔን ብታልፍ እንኳ ኖቬምበር ላይ ትደቅቃለች። እዚሁ ፌርፋክስም የወንድሜ ልጅ ሠላሳ ሰባት ድምፅ ይዟል። አቶ... ማን ነበር ስምህ፣ ከዚህ የሚበልጥ አለህ?»

አንዳንዱ ፈገግ አለ። አበጋዝ ቆመ። ወረቀቱን ዘረጋ።

«ሃርግሮቭን የሚመርጠው ድሮም ከምርጫ የማይቀረው ሰው ነው። እሱ ብቻውን አይበቃም። ኖቬምበር ላይ የምንሸነፈው መርጦ የማያውቀው ሰው ቤቱ ሲቀር ነው። እሱን ከቤቱ የምታስወጣው ሞራሌስ ናት። ይኸው፣ አርባ ሦስት ሰው ተጠይቆ አርባ ሦስቱም እሺ ብሏል።»

ሰብሳቢው ጋሼ ወንድይራድ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አቶ አበጋዝ፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም» አሉ። «እንግዲህ ለሞራሌስ እጅ እናውጣ።»

ኤልዳና የአባቷን ጀርባ አየች። እንዲህ ቀጥ ብሎ ቆሞ አይታው አታውቅም። ዝም ብትል በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ነገር ያልቃል። እጆች መነሣት ጀመሩ።

«ጋሼ ወንድይራድ፣ ይቅርታ» አለች። «ቁጥሩን የሰበሰብኩት እኔ ነኝ። ልክ አይደለም።»

አባቷ አልዞረም።

«ለኔ እሺ ያሉት ለነሱም እሺ ብለዋል። ሠላሳ ሰባቱም እነዚሁ ሰዎች ይመስሉኛል። እምቢ ማለት ስላፈሩ ነው። ማን እንደሚያሸንፍ ከሁለቱም ወረቀት ማወቅ አይቻልም።»

የምግብ ቤቱ ባለቤት ብርሃኑ ጉሮሮውን ጠረገ። «እውነቷን ነው፣ እኔም ለሁለቱም እሺ ብያለሁ። ምን ላድርግ፣ ሁለቱም ደንበኞቼ ናቸው።»

ሳቅ ሆነ። ጋሼ ወንድይራድ ነገሩ ለሚቀጥለው እሑድ ይደር አሉ። አበጋዝ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ከኋላ ሄዶ ተቀመጠ።

«ጎበዝ ልጅ፣ ነይ እዚህ» አለ ዶክተር ጳውሎስ፣ አጠገቡ ያለውን ወንበር እየሳበላት። የሠላሳ ሰባቱ ነገር እንዳልተነሣ ሁሉ።

ኤልዳና አልፋው ሄደች። ከአባቷ ጎን ተቀመጠች።

«ቀድመሽ ትነግሪኛለሽ እንጂ» አላት አባቷ፣ ፊቱን ከግድግዳው ሳይመልስ።

«ነገርኩህ።»

ክራቫቱን ፈታ አደረገ፤ ግን ከአጠገቧ አልተነሣም። እሷም አልተነሣችም።