አርባ ሳንቲሜትር መሬት

«ሰማንያ ሰባት።»

መርፌ ማስመሪያዋን አነሳችና እንደገና ከሜትሩ ጫፍ ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ። የማስመሪያዋ ሠላሳ ሳንቲሜትር ሦስት ጊዜ ሲደገም ዘጠና መሆኑን አንደኛ ክፍል ያለ ልጅም ያውቃል። የአባቷ ሜትር ግን አሁንም ሰማንያ ሰባት ላይ ቆመ።

«ኧረ ተው!» አለችው ሜትሩን፣ ሰው ይመስል።

መርፌ የሚሏት በሁለት ምክንያት ነው፤ አንድም ቀጭን ናት፣ አንድም የልብስ ሰፊ ልጅ ናት። የዚያን እሁድ ከሰዓት በኋላ የስፌት ክፍሉን ጠረጴዛ ይዛ ለትምህርት ቤት የካርቶን ቤት እየሠራች ነበር። ግድግዳዎቹን በማስመሪያ ለካች፤ ጣሪያውን ደግሞ፣ ረዘም ስለሚል፣ በአባቷ ሜትር። ጣሪያውን ብትደፋው ከግድግዳው አልፎ ወጣ። እንደ ትልቅ ሰው ባርኔጣ ሕፃን ራስ ላይ ተንጠለጠለ። ጥፋቱን ስትፈልግ ነው እንግዲህ ሜትሩ ላይ የደረሰችው።

ያ ሜትር እንዲህ በዋዛ የሚጠረጠር ሜትር አልነበረም። ለአባቷ ሥራ ያስተማሩት ሽማግሌ የሰጡት ነው። እንዳይጠፋ ብሎ ከጫፉ ትልቁን የብረት መቀስ አስሮበታል፤ ሥራ ሲያበቃ ሁለቱንም አንድ ላይ ግድግዳው ምስማር ላይ ይሰቅላቸዋል። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ሲሰቀል ኖረ። መርፌ የተንጠለጠለውን መቀስ አየች፤ በጣቷ መዘነችው። ከባድ ነው።

«ተለጥጦ ነው» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ አጥሩ ትዝ አላት።

ከሦስት ሳምንት በፊት ኃይለኛ ነፋስ የቆርቆሮውን አጥር ገንድሶት ነበር። ቋሚዎቹ ከሥር በስብሰው ኖሯል። አባቷና ጎረቤታቸው፣ ራዲዮ ጠጋኙ፣ በማግስቱ ጠዋት የወደቀው ቆርቆሮ ላይ ቆመው ተሳሳቁ፣ ወጪው ግማሽ በግማሽ እንዲሆን ተስማሙ፣ አናጢም ጠሩ። አናጢው «ቋሚው የት ይተከል?» ባይል ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ። አባቷ የቤቱን ካርታ አወጣ። ካርታው የግቢው ስፋት አሥራ ሁለት ሜትር ነው ይላል። አባቷ በሜትሩ ለካ፤ የሜትሩን ጫፍ የያዘችው፣ ቁጥሩንም መዳፏ ላይ የጻፈችው መርፌ ናት። አሥራ አንድ ሜትር ከስድሳ ሆነ።

«አርባ ሳንቲሜትር መሬቴን በልቶ፣ ጭራሽ ለአጥሩም ግማሽ ክፈል ይለኛል?» አለ አባቷ። እናቷ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ብትል የሚሰማት አላገኘችም። ራዲዮ ጠጋኙም «ሌባ ካልከኝማ አምስት ሳንቲም አልሰጥህም!» ብሎ ጀርባውን ሰጠ። አጥሩ እንደወደቀ ቀረ። ሁለቱ ቤቶች ገላጣ ላይ ቀርተው፣ ወጥተው ሲገቡ እየተያዩ፣ ሰላምታ ግን ተቋረጠ። ነገ ጠዋት ደግሞ አባቷ አመልክቶ ያስመጣው የማዘጋጃ ቤት ቀያሽ ይመጣል።

ይሄ ሁሉ የአባቶች ነገር ነው ብላ ማለፍ በቻለች። ግን የራዲዮ ጠጋኙ ልጅ አንቴና፣ እንደ ስሟ ረጅሟ፣ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ጓደኛዋ ናት። ባለፈው ሳምንት ትምህርት ቤት ቧንቧው ጋ ተጋጩ። አንቴና «አባትሽ ላለመክፈል ሰበብ ፈልጎ ነው» አለች። መርፌም ግማሹ ክፍል ተሰልፎ እየሰማ «የሌባ ልጅ!» አለቻት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። አንቴና ከዚያ ወዲህ ሰልፍ ላይ እንኳ ተሳስታ አጠገቧ አልቆመችም።

መርፌ እስክሪብቶ አነሳችና አሰላች። ከዘጠናው ሦስት የሚሰርቅ ሜትር ከአሥራ ሁለት ሜትር ስንት ይሰርቃል? አርባ ሳንቲሜትር። ልክ አርባ። ደስታና ፍርሃት እኩል መጡባት። ጋሼ፣ የአንቴና አባት፣ ሌባ አይደሉም! ግን ይህን ለአባቷ ማን ይንገረው? ሰፈሩ «እሱ ከለካው አይሳሳትም» እያለ ነው ልብስ የሚያሰፋው። ዝም ብትል ደግሞ ነገ ቀያሹ ሰው ሁሉ ቆሞ እያየ ይነግረዋል።

በሩ ተከፈተ። አባቷ ለደንበኛ ኮት አድርሶ መመለሱ ነበር።

«ሜትሬን ምን እያደረግሽው ነው?»

«አባዬ፣ እስቲ ቁጭ በል።»

«ቆሜም ይሰማኛል።»

«በዚህ ማስመሪያ ለካው። ሦስት ጊዜ።»

አባቷ ሳቀ። «አሁን የተማሪ ፕላስቲክ ነው የኔን ሜትር የሚፈትነው?» አለና ለካ። ሳቁ ቆመ። ደግሞ ለካ። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ ክር ነጋዴው በስጦታ የሰጠውን፣ ከነላስቲኩ የተቀመጠ አዲስ ሜትር አወጣ፤ ከአሮጌው ጎን ዘረጋው። አዲሱ መቶ ሃምሳው ላይ ሲያልቅ አሮጌው ገና መቶ አርባ አምስት ይላል።

አባቷ ሳይፈልግ ቁጭ አለ። መርፌ እንዲህ ትከሻው ወርዶ አይታው አታውቅም፤ ባልነገርኩት ኖሮ አለች በልቧ።

«ስንት ሰው በውሸት ሳለብስ ኖሬአለሁ?» አለ በመጨረሻ።

«ማንንም!» አለች መርፌ ቶሎ። «አባዬ፣ ሰውየውን የለካኸው በዚሁ ነው፤ ጨርቁንም የቆረጥከው በዚሁ። ሁለቱም እኩል ስለሚሳሳቱ ልብሱ ልክ ነው የሚመጣው። ሱሪ ጠበበኝ ብሎ የመጣ ሰው አለ?»

«የለም» አለ አባቷ አሰብ አድርጎ። «የተመለሰ ልብስ የለም።»

«አየህ። የተሳሳትነው የካርታውን ቁጥር በዚህ የለካን ቀን ብቻ ነው።»

አባቷ ፊቱን በሁለት እጁ አሸው፤ ከእጁ ሥር ሲወጣ ፊቱ ላይ ትንሽ ፈገግታ ነበር። «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንዴ ቁረጥ ያሉኝ ሽማግሌ፣ መቀስ አትስቀልበት አላሉኝም» አለ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በይ ሂጂና ለጋሼሽ፣ ‹ለጉርብትና ሲል ትቶታል፣ ግማሽ በግማሽ እንሥራ ብሏል› በይው። ቀያሹንም ደውዬ አስቀረዋለሁ» አላት።

ነገሩ እንዲህ ቀለለ። መርፌ እስከ በሩ ሄደች፤ እጀታውን ይዛ ቆመች።

«አባዬ… ‹ትቶታል› ካልኳቸው'ኮ በልተዋል ማለት ነው።»

አባቷ ሜትሩን ሊያስተካክል እጁን ወደ አንገቱ ሰደደ፤ ሜትሩ ግን ጠረጴዛው ላይ ነበር። ተነሣ፣ ሁለቱንም ሜትሮች አነሳ፣ የወደቀውን ቆርቆሮ ኳኳ እያደረገ ረግጦ ተሻገረ። መርፌ ተከተለችው።

ራዲዮ ጠጋኙ በረንዳው ላይ ሆዱ የተዘረገፈ ራዲዮ ላይ አጎንብሶ ነበር። ቀና አለ፤ ግን አልተነሣም።

«መሬቱን የበላው ሜትሬ ነው» አለ አባቷ፣ ሰላምታም ሳያስቀድም። «አንተ አይደለህም። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ።» ሜትሮቹን ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋለት።

ራዲዮ ጠጋኙ አየ፤ መነጽሩን አውልቆም አየ። ድንገት ሳቁ አመለጠው። «አንተ ሰውዬ! ያኔ መጀመሪያ አጥሩን ያቆምኩት እኔ ነኝ፤ ሳላውቅ በልቼ ይሆን እያልኩ ጓሮውን በእርምጃ ስለካ ሰነበትኩ'ኮ! አንዴ ሃያ አራት፣ አንዴ ሃያ ሦስት። ጫማ በቀየርኩ ቁጥር ይለያያል!»

«እኔን ብትጠራኝ እለካልህ ነበር» አለ አባቷ፣ እና ሁለቱም እስኪያነቡ ሳቁ። መርፌ ሦስት ሳምንት ደረቷ ላይ ተቀምጦ የነበረ ነገር ሲነሣላት ተሰማት። አናጢው ነገ ይጠራ፣ ቀያሹም አይምጣ ተባባሉ።

አንቴና የማድ ቤቱ በር ላይ እጇን አጣጥፋ ቆማለች። መርፌ ጠጋ አለቻት።

«ያልኩት ነገር ስህተት ነበር። ይቅርታ።»

«ሰማሁ። አባትሽ ሲያወራ ለሰፈር ነው።»

«እና… ታርቀናል?»

አንቴና ለአፍታ አየቻት። የተቆጣች አትመስልም፤ የደከማት ትመስላለች። «እዚህ ማን ሰምቶሻል? የተናገርሽው ቧንቧው ጋ ነው» አለችና ገባች። በሩን ግን አላጋጨችውም።

ማታ አባቷ መቀሱን ከአሮጌው ሜትር ፈታ። አዲሱን አንገቱ ላይ አደረገ፤ እንደ አዲስ ኮሌታ ይቆረቁረዋል መሰል፣ አሥር ጊዜ አስተካከለው። «ይኼን አሮጌውን እንግዲህ ልጣለው?» አለ።

«ለእኔ ስጠኝ» አለች መርፌ። «ነገ እፈልገዋለሁ።»

ሰኞ ዕረፍት ላይ ቧንቧው ጋ እንደ ወትሮው ግፊያ ነበር። መርፌ ሜትሩንና ማስመሪያዋን ይዛ መጣች።

«ምነው መርፌ፣ ዩኒፎርም ልትለኪን ነው?» አለ አንዱ ቀልደኛ። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። አንቴና ከሰልፉ ፊት ሆና ጠርሙሷን እየሞላች ነበር፤ አልዞረችም። መርፌ አሁንም ቢሆን ውኃ ጠጥታ መመለስ ትችላለች፤ ማንም የሚጠይቃት የለም።

ሜትሩን የቧንቧው ሲሚንቶ ላይ ዘረጋችው።

«ባለፈው ሳምንት እዚሁ ቆሜ ስለ ሰው አባት ውሸት ተናግሬአለሁ» አለች፣ ድምፅዋ እስከ ሰልፉ መጨረሻ እንዲደርስ። «እንዴት እንደተሳሳትኩ ላሳያችሁ። አንድ ሰው ጫፉን ይያዝልኝ።»

ሳቁ ጸጥ አለ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ቧንቧው ሲዘጋ ተሰማ፤ ጠርሙስ መሬት ተቀመጠ፤ አንድ ረጅም እጅም ከወዲያ በኩል መጥቶ የሜትሩን ጫፍ ያዘ።