ኬሚካል ያልቀመሱት አይጦች

ተመራማሪዋን በአይጦቹ ክፍል ወለል ላይ ሞታ ተዘርራ ጠዋት ያገኛት የቤተ ሙከራው ኃላፊ ነበር። ሐኪሙ «ልብ ይሆናል» ብሎ ሄደ። መርማሪዋ ግን ዓይኗ ከሽቦ ሣጥኖቹ አልነቀል አለ። አይጦቹ በሙሉ የኋላ እግራቸውን ይጎትታሉ። የአየር ማውጫው ማራገቢያ ጠፍቷል። ክፍሉን ቆልፋ፣ ያየችውን ለማንም ሳትናገር ወጣች።

መጀመሪያ ያነጋገረችው አይጦቹን የምትመግበውን የሟች ታናሽ እህት ነበር።

«እትዬ አዲሱ ማሟሟቻ ኬሚካል ነርቭ ይጎዳ እንደሆነ ነበር የምትፈትነው» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «ለግማሾቹ አይጦች ይሰጣል፣ ለግማሾቹ አይሰጥም። ከዚያ አካሄዳቸውና የመጨበጥ ጉልበታቸው ይለካል። አራት ቤተ ሙከራዎች ፈትነው ይጎዳል ብለዋል። የቀረነው እኛ ነን።»

«ያልተሰጣቸው ደህና ነበሩ?»

«ትናንት ስወጣ ክንፍ አውጥተው ሊበሩ ምንም አልቀራቸውም! እትዬ ልኬቱን አንዴ ልድገመው ብላ ቀረች።»

ኃላፊው እጁን ያፍተለትላል። «ውጤታችን ከሌሎቹ እንዲገጥም ስጸልይ ነው የከረምኩት። እሷን ምን ብዬ ልግደል?»

«አይጦቹን አይተዋቸዋል?»

«የምን አይጥ! ከደጃፉ ጮኼ ተመለስኩ እንጂ።»

ኬሚካሉን የፈጠረው ኬሚስት መቀመጥ አልሆነለትም፤ ይነሳል፣ ይቀመጣል።

«እዚያ ክፍል ከገባሁ ወር አልፎኛል። ደግሞ ፈተናው ራሱ አይታመንም። ምንም ያልቀመሱት አይጦች እግራቸውን እየጎተቱ የእኔን ኬሚካል ጎጂ ማለት ምን የሚሉት ነው?»

መርማሪዋ ሦስቱንም አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ፈተናው አልዋሸም» አለች። «አንድ ሰው ማራገቢያውን አጥፍቶ ኬሚካሉን ክፍሉ ውስጥ አትንኗል። ሽታ ስለሌለው ሟች አላወቀችም። የተሰጣቸውም ያልተሰጣቸውም እኩል ካነከሱ ልዩነት አይታይም። የዚህ ቤተ ሙከራ ውጤት ከአራቱ ይለያል፣ ፈተናው አይታመንም ተብሎ ይጣላል፣ ኬሚካሉ ገበያ ይወጣል።»

«ይህ ግምት ነው!» አለ ኬሚስቱ።

«እህቷ ስትወጣ ያልተሰጣቸው አይጦች ደህና ነበሩ። ኃላፊው ከደጃፉ ተመለሱ። ዛሬ ማነከሳቸውን ለማንም አልተናገርኩም። ወር ሙሉ ያልገቡት እርስዎ ከየት ሰሙ?»

ኬሚስቱ ከወንበሩ ግማሽ ተነስቶ እንደዚያው ቀረ።

«ክፍሉ ውስጥ ትቀራለች ብዬ አላሰብኩም። የፈለግሁት አይጦቹን ብቻ ነው... ጎህ ሲቀድ የነከርኩትን ጨርቅ ላነሳ ስገባ ነው ያየኋት።»

«ያን ጊዜ ትተነፍስ ነበር?» የጠየቀችው እህቷ ነበረች።

ጠረጴዛውን አየ። «ትንሽ።»

«ታዲያ በሩን ለምን መልሰህ ዘጋኸው?»