ባለ ሦስት ቋጠሮው ሲባጎ

ዳርላ ሮይስን መጠርጠር የጀመረችው ገና በተዋወቁበት ቀን ነው፤ ስላልሳቀ።

ወሩ ሚያዝያ ነበር። አሜሪካ፣ አዮዋ ውስጥ በምትኖርባት ትንሽ ከተማ፣ ሮይስ ከመኖ መደብሩ ከረጢቷን እስከ መኪናዋ ተሸከመላትና «ስንት አሳማ አላችሁ?» አላት።

«አንድ።»

«አንድ ብቻ? የት ነው የሚያድረው?»

«መኝታ ቤቴ። የራሱ ብርድ ልብስ አለው።»

እዚያ አገር ይህን ሰምቶ የማይስቅ ሰው የለም። ሮይስ ግን አንገቱን ደፍቶ «በአፍንጫው አይቆፍረውም?» ብቻ አለ።

ይቆፍረው ነበር።

ከዚያ በየእሑዱ መምጣት ጀመረ። ቦርጫሙ አሳማዋ ኦቲስ ጥቁር ሆዱን ምንጣፉ ላይ እየጎተተ ይመጣና የሮይስን ጫማ አሽትቶ ከሶፋው ጀርባ ይደበቃል። የሮይስ አባት ሁለት ሺህ አሳማ የሚያደልቡ ገበሬ ናቸው።

«ቁርስ ምን በልተህ ነው የመጣኸው? የአሳማ ጥብስ?» ትለዋለች ዳርላ።

ሮይስ ጆሮው ይቀላል እንጂ አይመልስም። እሷም ትስቃለች፤ ዓይኗን ግን ከእጆቹ ላይ አታነሳም።

በመከር ኦቲስ አሥራ አንድ ዓመት ሞላው፤ ጉልበቱም ከዳው። ዳርላ ተሸክማ ፎቅ ልታወጣው አትችልም። ብርድ ልብሱን ምድር ቤት አነጠፈችለት፤ እሱ ግን ደረጃው ሥር ቆሞ ወደ መኝታ ቤቷ እያየ ያለቅሳል።

አንድ እሑድ ፖም ከትፋ ከማድ ቤት ስትመለስ፣ ሮይስ ተንበርክኮ የኦቲስን ደረት በሲባጎ ይለካል። ለክቶ ሲጨርስ ቋጠሮ አሰረበት።

ሳህኑን መሬት አስቀመጠች። ሚዛን የሌለው ገበሬ፣ አሳማው ለእርድ መድረሱን የሚያውቀው እንደዚያ ለክቶ ነው።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ክብደቱን… ልገምት ብዬ።»

«ለማን?»

ሮይስ ሲደነግጥ ቃል ይጠፋዋል። ሲባጎውን ጣቱ ላይ ጠመጠመ።

«አባትህ ናቸው የላኩህ? አርጅቷል፣ ሥጋው ሳይበላሽ ይታረድ አሉህ?»

«ዳርላ፣ እኔ እኮ…»

«ሲባጎውን ስጠኝና ውጣልኝ!»

ሰጥቷት ወጣ።

ሁለት እሑድ በሯን ቆልፋ ተቀመጠች። መኪና ባለፈ ቁጥር ግን መጋረጃውን ትገልጣለች። በሦስተኛው እሑድ ሲባጎውን ከመሳቢያ አወጣች። ሦስት ቋጠሮ አለው። አንዱ የኦቲስ ደረት ነው፤ ሁለተኛው ከጆሮው እስከ ጭራው። ሦስተኛው ከገላው ከየትም ጋር አልገጥም አለ።

ኦቲስ ደረጃው ሥር ሆኖ አለቀሰ። ዳርላ ሲባጎውን በደረጃው ወርድ፣ ከግድግዳው እስከ መደገፊያው ዘረጋችው። ሦስተኛው ቋጠሮ ልክክ አለ።

ወደ ሮይስ አባት እርሻ ነዳች። ስትደርስ አባትየው መጋዘኑ በር ላይ ቆመው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «ነይ ልጄ፣ ጉድ እይ! አርባ ዓመት አሳማ ሳረባ ምንጣፍ አንጥፌለት አላውቅም!»

ውስጥ ሮይስ ረጅም ጣውላ ላይ ምንጣፍ በሚስማር ይመታል።

«ክብደቱን ካላወቅኩ፣ ደረጃውን ሲወጣበት ጣውላው ይሰበርበታል ብዬ ነው» አለ፣ ቀና ሳይል።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«አልቆ እንድታዪው ፈልጌ። ከዚያ… ስትጮሂብኝ ቃል ጠፋኝ።»

ከሰዓት በኋላ ዳርላ ቤት ጣውላውን ደረጃው ላይ አጋደሙትና ሁለቱም ላይኛው ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ኦቲስ አሸተተ። አንድ እግሩን አስቀድሞ ቆመና ሮይስን ትክ ብሎ አየው። ዳርላ የሮይስን እጅ ያዘች። ያኔ ቀስ እያለ ወጣ፤ መሐላቸው ገብቶም የሮይስን ጫማ ያሸት ጀመር።

«እውነቱን ንገረኝ፣» አለች ዳርላ፤ «ዛሬ ቁርስ ምን በላህ?»

«አጃ።»

«አባትህ ቤት? የአሳማ ጥብስ እያለ?»

«ትቼዋለሁ።»

ጠርጠር አድርጋ አየችው። «ከመቼ ጀምሮ?»

ጆሮው ቀላ። «ከሚያዝያ።»