የአቶ እምቢኝ ቤት

ፈንታሁን ከአንሶላው ጀርባ ተንበርክኮ ከካርቶን የተቆረጠውን ሰውዬ ወደ ፋኖሱ አስጠጋና ጉሮሮውን ጠረገ።

«እህ... እህህ! እኔ በሕይወት እያለሁ እዚህ ቤት ብስክሌት አይገባም!»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የመቀሌው ትምህርት ቤት ልጆች መስኮቱን በጆንያ ጋርደው ይህን የጥላ ጨዋታ ያያሉ። በጨዋታው አባትየው አቶ እምቢኝ አዲስ ነገር ሁሉ አይዋጥላቸውም። ሚስታቸው ወይዘሮ እሺ ፊት ለፊታቸው «እሺ» ትልና ዞር ሲሉ የፈለገችውን ታደርጋለች። ልጃቸው ደግሞ ጥያቄዋ አያልቅም። በአባትየው ድምፅ የሚናገረው ፈንታሁን ነው፤ በእናትና በልጅ ድምፅ ጓደኛው ጀላሉ፣ የአንድ ወሎዬ ነጋዴ ልጅ።

«ወላሂ፣ ያን ሳል ከየት ነው የምታመጣው?» አለው ጀላሉ ፋኖሱን እያጠፋ።

ፈንታሁን ሳቀና አንሶላውን ማጠፍ ጀመረ። ሳሉ የአባቱ ነበር። ብስክሌት አይገባም ያሉትም እሳቸው ናቸው።

የዚያን ዕለት መምህሩ ለሚመጣው ቅዳሜ ወላጆች እንደሚጋበዙ ነገሯቸው። ልጆቹ ጮቤ ረገጡ። ፈንታሁን ግን የታየው አባቱ የገዛ ሳላቸውን ሲሰሙ ነበር።

ቤት ሲደርስ ሁለት ሽማግሌዎች ከግቢው ሲወጡ አገኛቸው። አባቱ አቶ ደሳለኝ፣ ጣልያን ከወጣ በኋላ ከሸዋ ተዛውረው የመጡ የግምጃ ቤት ሠራተኛ፣ እስከ በሩ ሸኟቸው። እህቱ ብርቄ ከጓሮ ቆማለች። ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነው።

«አባባ ለአንድ የኲሓ ከተማ ነጋዴ ሰጡኝ» አለችው። «ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው።»

«ትምህርትሽስ?»

«የምን ትምህርት? እማማን ብጠይቃት "አባትሽ ያውቃል" አለችኝ።» እጁን ያዘችው። «ፈንቴ፣ ቅዳሜ በጨዋታችሁ አቶ እምቢኝ ልጃቸውን ይዳሩ። ሰው ሁሉ ይሳቅባቸው። አባባ እኔን አይሰሙኝም፤ ሰው ሲስቅባቸው ግን ይሰማሉ።»

«እሺ» አላት። ያን ጊዜ ቀላል መስሎት ነበር።

ቅዳሜ አቶ ደሳለኝ የታጠበ ነጠላቸውን ለብሰው መጡና ከፊት፣ ከመሥሪያ ቤት አለቃቸው ከአቶ ሀብቴ አጠገብ ተቀመጡ። ፈንታሁን በአንሶላው ቀዳዳ ያያቸዋል። መጀመሪያ ላይ ከማንም በላይ የሳቁት እሳቸው ነበሩ። አቶ እምቢኝ ጫማ ያደረገውን የልጃቸውን እግር አይተው «ይህ የሰው እግር ነው ወይስ የመኪና ጎማ?» ብለው ሲጠይቁ ጉልበታቸውን እየመቱ፣ «ወይ ግትር ሰውዬ!» አሉ።

ፈንታሁን ሳያስበው ጉሮሮውን ጠረገ። «እህ... እህህ!»

አቶ ሀብቴ ዞር አሉ። «ደሳለኝ! ይሄማ አንተው ነህ!»

ከኋላ ያሉት ሁሉ አንገታቸውን አሰገጉ። ሳቁ እንደ ጎርፍ መጣ። የአባቱ ፈገግታ ከፊታቸው ላይ አልጠፋም፤ ዓይናቸው ግን ወደ መሬት ወረደ። ነጠላቸውን ሳብ አድርገው አፋቸውን ሸፈኑ። ፈንታሁን አባቱን እንደዚህ አነስ ብለው አይቷቸው አያውቅም።

ጀላሉ በክርኑ ነካው። ልጅቷን ለጋብቻ ሊጠይቁ የሚመጡትን የካርቶን ሽማግሌዎች ይዟል። «አሁን ላስገባቸው?»

በቀዳዳው ብርቄ ትታያለች። ከሴቶቹ ልጆች መካከል ከንፈሯን ነክሳ አንሶላው ላይ አፍጣለች። ቃል ገብቶላታል። ግን ሰው ሁሉ አንዴ ደግሞ ቢስቅባቸው አባቱ ምን ይሆናሉ? ተነሥተው ይወጣሉ፤ ቤት ገብተው በሩን ይዘጋሉ፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አያናግራቸውም። ወይም ደግሞ ይህ ሁሉ ሰበብ ነው፤ ፈርቷል።

«ተወው» አለ።

«ምን?»

«ተወው አልኩህ! እናትየዋን አስገባ።»

ጀላሉ ወይዘሮ እሺን አስገብቶ አፉ ላይ የመጣለትን ተናገረ። ጨዋታው እንደምንም አለቀ። ጭብጨባው ሳይጀመር ብርቄ ተነሥታ ወጣች።

ወደ ቤት ሲመለሱ አባቱ ከፊት ከፊት ሄዱ። ጨው የጫኑ ግመሎች መንገዱን ዘግተው ሲያልፉ ግን መቆም ግድ ሆነ።

«ያ የኔ ሳል ነው?» አሉ፣ ሳያዩት።

«አዎ፣ አባባ።»

«እንዲህ መምሰሌን አላውቅም ነበር።» አሁን ዞረው አዩት። «ሌላም የምትለው ነበረህ። ጓደኛህን "ተወው" ስትለው ሰምቻለሁ። ምኑን ነው?»

ፈንታሁን ከአንሶላው ጀርባ ያ ሁሉ ድምፅ ነበረው፤ አሁን ግን የራሱ ብቻ ነው የቀረው፣ እሱም ቀጭን ነበር።

«የብርቄን ሰርግ ነው። በእርስዎ ለማሳቅ ሳይሆን... ብርቄ መማር ትፈልጋለች። ሰውየውን አታውቀውም። ማታ ማታ ታለቅሳለች፣ አባባ። እኔም አልፈልግም እንድትሄድ።»

ቁጣ ይመጣል ብሎ ጠበቀ። አልመጣም። አባቱ የመጨረሻውን ግመል በዓይናቸው ሸኙ።

«እኔ ለሰው ቃል ሰጥቻለሁ» አሉ በመጨረሻ። «በዚህ አገር እንግዳ ነኝ፤ ያለኝ ቃሌ ነው። እሱን በገዛ አፌ ማፍረስ አልችልም።»

«ታዲያ...»

«ሰኞ ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ። የምትለው ካለህ ገብተህ ፊታቸው ተናገር። ይቆጡህ ይሆናል። ባለጌ ይሉህ ይሆናል። እኔ አላስቆምህም፤ አላግዝህምም።»

የግቢው በር ላይ ብርቄ ቆማ ነበር። ዓይኗ አብጧል። ፈንታሁንን ስታይ ፊቷን አዞረች።

አቶ ደሳለኝ አልፈዋት ገቡ። ፈንታሁን አጠገቧ ቆመ። ይቅርታ ቢል አይበቃም።

«ሰኞ እኔም አብሬያቸው እቀመጣለሁ» አላት።

«ከማን ጋር?»

«ከሽማግሌዎቹ ጋር።»

ብርቄ ቀስ ብላ ዞረች። «አንተ? ምን ልትላቸው?»

ፈንታሁን እስካሁን አላወቀም። በሩ ላይ ተቀመጠና ምን እንደሚል ከእሷው ጋር ማሰብ ጀመረ።