ካርድ የሚለየው ማሽን

የቀረችኝን አንዲት ልጅ እንዴት አድርጌ ልጠብቃት? ከዚያ ሐሙስ ጀምሮ ራሴን እጠይቃለሁ።

የልጅ ልጄ አካለ ወልድ በሃያ አራት ዓመቱ የሞተው ደብረ ማርቆስ እኔው ቤት፣ ገና ምሳ ሳይቀርብ ነው። የሠራው ማሽን ከማስቲካ ጋር የሚመጡትን የኳስ ተጫዋች ካርዶች በየቡድናቸው ይለያል። የአሮጌ ፕሪንተር ጎማና ሞተር ካርዱን አንድ በአንድ ይስባል፣ ከላይ የታሰረ ስልክ ማሊያውን ያያል፣ ካርዱም ወደ ሳጥኑ ይወድቃል። ያሠራው ካርዶቹን የሚነግደው ያሕያ ነው። ከዚያ በፊት ሦስት ዓመት በእጇ ስትለይለት የኖረችው የአካለ ወልድ እህት ወንጌላዊት ነበረች።

ኢንስፔክተር ያለምወርቅ ከፖሊሶቿ ጋር ስትደርስ አምፖሉ በርቷል፤ አካለ ወልድ ወለሉ ላይ ነጠላ ለብሶ ተጋድሟል፤ ወንጌላዊት ከአጠገቡ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ሁላችንም አደጋ ነው አልን። ማብሪያው ቢጠፋም ከሶኬቱ ካልተነቀለ የማሽኑ ውስጥ ሽቦ ኮረንቲ አለው።

ሳይነቅል እንዴት እጁን እንዳስገባ ጠየቀችኝ። መብራት ሲሄድ እንደማንኛውም ሰው የአምፖሉን ማብሪያ ሳናጠፋ እንደምንተወው፣ መምጣቱን በእሱ እንደምናውቅ ነገርኳት። እሱ ጆሮው ላይ የኳስ ወሬ ሰክቶ ስለሚውል ሌላ ድምፅ አይሰማም፤ ቀና ብሎ አምፖሉን ያያል፤ ከጨለመ የተቀረቀረውን ካርድ በጣቱ ያወጣል። ስንቴ ተቆጥቼዋለሁ።

ያሕያ ማሽኑ ካርድ ቀደደብኝ ብሎ ጠዋት መጮኹን አልካደም። የዚያን ቀን መብራት ሳይሄድ ወደ ሱቁ ገብቶ ነበር፤ ጎረቤቶቹም መሰከሩለት።

«እኔ የምፈልገው ማሽኑን ነበር» አላት። «ሬሳ ምን ያደርግልኛል?»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ልጁን ሳገኘው ምን እንደሰማሁ ጠየቀችኝ። የጎረቤት ወፍጮ ሲጮኽ ነበር አልኳት። ቤቱ ግን ጨልሞ ስለነበር መጀመሪያ የተኛ መስሎኝ ነበር።

ዓይኗ ወደ ወንጌላዊት ሲሄድ ፈራሁ። ልጅቷ ንጹሕ መሆኗን ላስረዳ ብዬ ተንደረደርኩ። ጓሮ ልብስ ስታጥብ እንደነበረች፣ ስጮኽ ሮጣ መጥታ ሶኬቱን እንደነቀለች፣ እኔ ደጅ ሳለቅስ እሷ ከወንድሟ እንዳልተለየች ነገርኳት። «ወንበር እንኳ ያቀበልኳት እኔ ነኝ» አልኩ።

ያለምወርቅ ወንበሩ ላይ ወጥታ አምፖሉን አየችው። ወርዳ ሁላችንንም አስቀመጠችን።

«ወፍጮው የሚሠራው በመብራት ነው፤ ሲጮኽ መብራት መጥቷል። አምፖሉ ግን ጨለማ ነበር፤ ስለዚህ የፈታው ሰው አለ። ሟቹ ቀና ብሎ አየ፣ መብራት የለም ብሎ እጁን አስገባ። እኔ ስመጣ ደግሞ በርቷል። ስለዚህ መልሶ ያጠበቀው ሰው አለ። ከሬሳው ጋር ብቻዋን የቀረችው አንዲት ሰው ናት። አምፖሉ ላይ የደረቀ ሳሙና አለ።»

«ሳሙና በየቤቱ አለ» አልኩ።

«እማማ፣ ወንበሩን ለምን ፈለገችው?»

«ልትቀመጥ ነዋ።»

«ወንድሟ ወለል ላይ ተጋድሞ?»

በእኛ አገር የሞተበት ሰው መሬት ይቀመጣል እንጂ ወንበር አይስብም። ያን ሳላስብ ያቀበልኩት እኔ ነኝ፤ ሳልጠየቅ የተናገርኩትም እኔ።

ወንጌላዊት ቀና አላለችም። «ወንድሜ ጠዋት ምን እንዳለኝ ሰምታችኋል» አለች። «‹ወንጌ፣ ከነገ ጀምሮ አንቺም ከባዶው የካርድ ጆንያ ጋር ትጣያለሽ› አለኝ። ያሕያ ሳቀ። እማዬም ሳቀች።»

ስቄያለሁ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

«ልትገድይው ነው?» አለች ያለምወርቅ።

«እጁን እንዲያቃጥለው ነበር። እጅ አጥቶ እንዲያየው።»

«አምፖሉን የፈታሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «ልወለውለው ብዬ። ጻፊው፣ ልጄ።»

ያለምወርቅ አልጻፈችም። አምፖሉ ጋ መድረስ ቀርቶ ከተቀመጥኩበት ለመነሣት ሰው እንደሚደግፈኝ አይታለች።

ወንጌላዊት ተነሣች። የወንድሟን ነጠላ ከእግሩ በኩል አስተካከለች። ክንዷን ልይዝ እጄን ብዘረጋ ዞር ብላ አለፈችው፤ ፖሊሶቹንም ሳትጠብቅ ከቤቱ ወጣች።