እናቱ የሞተችበት ፕሮግራም

በሩ አልተሰበረም። መስኮቱም አልተነካም።

ሟቿ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተዘርራለች። አንድ እግሯ ነጠላ ጫማ አድርጓል፤ ሌላው ባዶ ነው። ምድጃው ላይ የተጣደው ሾርባ አርሮ ድስቱን አጥቁሮታል። የላይኛው ፎቅ ነዋሪ የሆኑት ሴትዮ የሚያርር ነገር ሸቷቸው ባይወርዱ ኖሮ ቶሎ የሚያገኛት አልነበረም። እዚህ ቤት ሰው መኖሩን ማንም ማወቅ አልነበረበትምና።

ታናሽ እህቷ ስትደርስ ሬሳው አንሶላ ለብሷል። ያቺ ባዶ እግር ግን ከአንሶላው ወጥታለች። ታናሽየዋ ጫማውን ከጠረጴዛው ሥር አነሳችና ልታደርግላት ጎንበስ ስትል ኢንስፔክተሩ ክንዷን ያዝ አደረጓት።

«ተይው፣ ልጄ። ማስረጃ ነው።»

ተወችው። አላለቀሰችም። ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ስትደውል ነው ያደረችው፤ ይጠራል፣ አይነሳም፣ ይጠራል፣ አይነሳም። እንባዋን ያኔ ጨርሳዋለች። አሁን የቀራት ቂም ነው።

ሟቿ በሕይወት ሳለች ይህችን ታናሿን «ነቀዝ» ነበር የምትላት። ልጅ ሳለች ሬዲዮ በሉት፣ ሰዓት በሉት፣ የእናታቸው የስፌት መኪና በሉት፣ ሆዱ ውስጥ ሳትገባ የተረፈ ዕቃ አልነበረም። ነቀዝ አድጋም አልተወችም፤ መተዳደሪያዋ የኮምፒውተር ከርነል መጻፍ ሆነ። ከርነል የማሽኑ እምብርት ነው። ፕሮግራም የተባለ ሁሉ ፋይል ልክፈት ቢል፣ ከውጭ ጋር ላውራ ቢል፣ እሱን ሳያስፈቅድ ንቅንቅ አይልም።

ሟቿ፣ ነቀዝ «እትዬ» የምትላት፣ ምስክር ነበረች። አንድ ባለመጋዘን የገዛ መጋዘኑን ከነሠራተኞቹ ሲያስቃጥል በመስኮቷ አይታለች፤ አይታም ዝም አላለችም። ፍርድ ቤቱ የምስክርነት ቀኗ እስኪደርስ እዚህ ቤት ደበቃት። አድራሻውን ለእህቷ እንኳ አልነገሯትም።

«ማን ነበር የሚያውቀው?» አለች ነቀዝ።

«የምስክሮች ጥበቃ ቢሮው ሰርቨር ላይ ነው ያለው» አሉ ኢንስፔክተሩ። «እሱን የሚነኩት ደግሞ ሦስት ሰዎች ናቸው። ኃላፊው፣ መዝገብ ያዧና የሰርቨሩ ጠባቂ።»

«ከሦስቱ አንዱ ሸጧታል።»

«ወይም ከውጭ ሰብረው ገብተዋል። አትቸኩይ።»

«አልቸኩልም» አለች። «ግን አልተውም።»

ቀብሩ ላይ ዝናብ ጣለ። አንድ ረጋ ያለ ሰው መጥቶ ጥላውን በላይዋ ዘረጋላት፤ የራሱ ትከሻ ግን በሰበሰ። የሰርቨሩ ጠባቂ ነው። ቢሮው ውስጥ «ዘበኛው» ይሉታል፤ ሰርቨሩን የሚጠብቀውን ፕሮግራም የጻፈው እሱ ነውና።

«እህትሽ እህቴ ናት» አላት ዓይኑ እንባ አቅርሮ። «ከእኛ ዘንድ የወጣ ነገር የለም። ወጥቶ ከሆነ ልጆቼን ያሳጣኝ!»

ነቀዝ እጁን ጨብጣ አመሰገነችው። ከቀብሩ ሁሉ ልቧን የነካው የሱ ጥላ ነበር።

በማግሥቱ መዝገብ ያዧ ተያዘች። የሟቿን ፋይል ግድያው ከመድረሱ በፊት የከፈተው የሷ ስም ነበር። ነቀዝ ከመስታወቱ ወዲህ ማዶ ቆማ ምርመራውን ተመለከተች።

«ፋይሉን ከፍተሻል?» አሉ ኢንስፔክተሩ።

«ከፍቻለሁ። የደም ግፊት መድኃኒት አልቆባቸው፣ እሱን ልመዘግብ።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም!»

«ከዚያ በኋላም በስምሽ ተከፍቷል። ደጋግሞ።»

«ስሜ ይሆናል እንጂ እኔ አይደለሁም! በእናቴ ሞት፣ እኔ አይደለሁም!»

ነቀዝ መስታወቱን ጥሳ ብትገባና ጸጉሯን ብትነጭላት ደስ ባላት ነበር። ጥርሷን ነክሳ ወጣች። ደረጃው ላይ ስትደርስ ግን ያቺ የሴትዮዋ ቃል ከኋላዋ ያዘቻት። ስሜ እንጂ እኔ አይደለሁም። በነቀዝ ሙያ ስም ማለት ኮት ነው፤ ፕሮግራም የፈለገውን ሰው ስም ለብሶ ይወጣል።

ተመለሰች።

«ሰርቨሩን እኔ ልየው።»

«ዘበኛው አይቶታል» አሉ ኢንስፔክተሩ። «ፕሮግራሙ በየደቂቃው ይቃኛል። ወደ ውጭ የወጣ ነገር የለም።»

«የሱ ፕሮግራም ስም ጠሪ አስተማሪ ነው። በየደቂቃው ብቅ ይልና ‹ከውጭ ጋር የምታወሩ እነማን ናችሁ?› ይላል። በሁለት ስም ጥሪ መካከል ገብቶ የወጣ ተማሪ ግን አልመጣም፣ አልሄደም።»

«አንቺስ ምን ታደርጊያለሽ?»

«እኔ ከርነሉ ውስጥ እንደ አዋላጅ የምትሆን ትንሽ ፕሮግራም አስቀምጣለሁ። ፕሮግራም ከውጭ ጋር ሲያወራ በር ይከፍታል፤ ሶኬት ይባላል። በሩን የሚሠራለት ከርነሉ ነው። እዚያው እምብርቱ ውስጥ ከተቀመጥኩ፣ በሩ ላንድ ቅጽበት ተወልዶ ቢሞት እንኳ አያመልጠኝም። ማን እንዳስከፈተው፣ ወዴት እንዳወራ፣ አስከፋቹን ደግሞ ማን እንደወለደው አውቃለሁ።»

«ፕሮግራምም ይወለዳል?»

«ያለ እናት የተፈጠረ የለም።»

«እንደሱ ከሆነ ከአለቃዬ ይሻላል» አሉና ፈቃድ ሊያስወጡ ተነሡ።

አዋላጇን ያስገቧት መብራት ተቋርጦ ማሽኑ ወድቆ በተነሣበት ከሰዓት ነው፤ ከሁለቱ በቀር ያወቀ የለም። ቀጥሎ አንድ የሌለ ምስክር መዘገቡ። ስም ተጻፈለት፤ አድራሻው ቦታ ላይ «ገና አልተወሰነም» ተባለ። የሌለን ሰው ማንም አይገድልም።

ነቀዝ ከላፕቶፗ ፊት ተቀመጠች። የዘበኛው ፕሮግራም ስም ጠራ። ሁሉ አቤት አለ፣ ሁሉ ደህና ነው። ስም ጥሪው አልቆ ዓይኑን እንደከደነ አንዲት ሶኬት ተወለደች። ተናገረች። ሞተች። ቀጣዩ ስም ጥሪ ሲመጣ ሰርቨሩ ጸጥ ብሏል።

የወጣው የዚያ የሌለ ምስክር ፋይል ነው። ያወጣው ስም ደግሞ የመዝገብ ያዧ ስም ነው።

«እሷ እኮ እስር ቤት ናት!» አሉ ኢንስፔክተሩ።

«ናት» አለች ነቀዝ። ፊቷ ቀላ። ያንን ጸጉር ልትነጭ የተመኘች እጇን ከጠረጴዛው ሥር ደበቀችው። «የት እንደሄደ ግን አይነግረንም። ባሕር ማዶ ያለ የኪራይ ማሽን ነው፤ ዱካው እዚያ ይጠፋል።»

«እናቱስ? እናት አለው ብለሽኝ ነበር።»

«ሌባውም ይህን ያውቃል። የላከው ፕሮግራም አንድ ልጅ ትወልድና ወዲያው ትሞታለች፤ በሩን የሚያስከፍተው ልጁ ነው። እናቱ የሞተችበትን ደግሞ የማሽኑ የመጀመሪያው ፕሮግራም በማደጎ ይወስደዋል፤ ሥርዓቱ ነው። ዘግይቶ የመጣ ሁሉ የሚያየው አሳዳጊውን ነው፤ ጨዋ፣ ስሙ የማይነሣ አሳዳጊ። አዋላጅ ግን ዘግይታ አትመጣም።»

ስክሪኑን ወደሳቸው አዞረችው። ሟቿ እናት ተጽፋለች። የእናትየዋ እናት ደግሞ ከላይዋ አለች።

ያው የዘበኛው ጥበቃ ፕሮግራም ነው። ስም ጠሪው ራሱ።

«ጅቡን በግ ጠባቂ አድርገነው» አሉ ኢንስፔክተሩ። «በይ፣ እንያዘው።»

«ያዙት። ግን አፉን አይከፍትም። ‹ፕሮግራሜን ሰው መርዞብኝ ነው› ይላል። ገዳዮቹም ሳይያዙ ይቀራሉ። ነገ ከሰዓት ጥሩት፤ እኔም ልግባ።»

ጠዋት ብቻዋን ሰርቨሩ ፊት ተቀመጠች። ሌላ የሌለ ምስክር ጻፈች፤ ለዚያው ለመጋዘኑ ቃጠሎ ክስ፣ ሁለተኛ ምስክር። በዚህኛው አድራሻውን ሞላችው። ከዚያ ወደ አዋላጇ ሄደችና አንድ መስመር ጻፈች። ሰረዘችው። ተነሥታ በመስኮቱ ውጭ አየች። ያቺ ባዶ እግር ዓይኗ ላይ ነበረች። ተመልሳ ያንኑ መስመር ጻፈችው።

ዘበኛው ከምሳ በኋላ ወደ ኢንስፔክተሩ ቢሮ መጣ። ወንበሩን ለነቀዝ ሳብ አደረገላት።

«እንዴት ሰነበትሽ፣ እህቴ? ትንሽ በረታሽ?»

«ደህና ነኝ። ፕሮግራምዎ ስም ከጠራ በኋላ የሚያደርገውን አየሁት።»

ስለ አዋላጇ ነገረችው፤ ስለ ሟቿ እናትና ስለ ማደጎው። ራሱን እየነቀነቀ እስከ መጨረሻው አዳመጣት፣ ጎበዝ ተማሪውን እንደሚሰማ መምህር።

«ግሩም ሥራ ነው። ከልቤ ነው የምልሽ። ግን ያቺ መዝገብ ያዥ የይለፍ ቃሌን አይታ መሆን አለበት። ፕሮግራሜን መርዛዋለች። እኔም እንዳንቺ ተበዳይ ነኝ።»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ነቀዝ ያን የበሰበሰ ትከሻ አስታወሰች። ከዚህ በኋላ «እርስዎ» ማለት ከአፏ አልወጣ አለ።

«ቀብሩ ላይ ምን ብለህ ነበር የማልክልኝ?»

«እ?»

«ከእኛ ዘንድ ወጥቶ ከሆነ ምን ያድርገኝ አልክ?»

ዘበኛው ወደ በሩ አየ።

«ዛሬ ጠዋት አዲስ ምስክር መዝግቤያለሁ። የመጋዘኑ ጉዳይ ነው። አድራሻው ከዳቦ ቤቱ ጎን ሰማያዊ በር፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ በረንዳው ላይ የልጅ ብስክሌት ያለበት።»

ዘበኛው ሳቅ ለማለት ሞከረ። ሳቁ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ።

«ቀልድ ነው።»

«ፕሮግራምህ ቀልድ አያውቅም። ያስገቡለትን ያወጣል። አንተም የምታወጣውን አታነብም። አንብበኸው ብታውቅ ኖሮ እህቴ የደም ግፊት እንዳለባት ታውቅ ነበር።»

«ኢንስፔክተር! ይቺ ሴት አብዳለች! ሰው ይላኩ!»

«ማንን እንዲይዙልህ ነው የምንልከው?» አሉ ኢንስፔክተሩ። እሳቸውም አድራሻውን ገና መስማታቸው ነበር፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። «ምንም አላወጣሁም አላልክም? ካላወጣህ ቤትህ ሰላም ነው።»

«ልጆቼ እዚያ ናቸው!»

«እህቴም እዚያ ነበረች» አለች ነቀዝ።

ከዚያ በኋላ ማስቆም አልተቻለም። ቃሉ እየተደናቀፈ ወጣ። ተቀባዩ የባለመጋዘኑ አማች ነው። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ጎማ ቤት አለው። ገዳዮቹ እዚያው ጎማ የሚያነሡት ሁለቱ ናቸው። ስልካቸውን፣ መኪናቸውን፣ ሁሉንም ተናገረ። ኢንስፔክተሩ በሬዲዮ ትእዛዝ ሰጡ።

«ለምን?» አለች ነቀዝ።

«ያ ፕሮግራም የኔ ልጅ ነበር» አለ ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ። «ኃላፊው በስሙ ተሸለመበት። መድረክ ላይ ቆሞ ሲያጨበጭቡለት እኔ ከኋላ ገመድ እየጠቀለልኩ ነበር። ባለመጋዘኑ ጠራኝ፤ በስሜ ድርጅት አቆምልሃለሁ አለኝ። አድራሻ ብቻ ነው የጠየቀኝ። አድራሻ ብቻ!»

«ለስምህ ብለህ።»

«ልጆቼን አድኑልኝ» ብቻ አለ።

ነቀዝ ተነሥታ ወጣች። ኢንስፔክተሩ ኮሪደሩ ላይ ደረሱባትና በቁጣ ወደ ግድግዳው አስጠጓት።

«ምን አደረግሽ? ሕፃናት ናቸው እኮ!»

«አልወጣም።»

«ምን?»

«አድራሻው አልወጣም። ከርነል ማየት ብቻ ሳይሆን መከልከልም ይችላል። በሩ ሊወለድ ሲል እምቢ እንድትለው አዋላጇን አዝዣት ነው የመጣሁት። አንዲት መስመር ናት። ጽፌ ሰረዝኳት። አልዋሽዎትም፣ ተሰርዛ እንድትቀር ፈልጌ ነበር።»

ኢንስፔክተሩ አግዳሚው ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ። ግንባራቸውን ጠረጉ።

ቀኑ ሳይመሽ ሁለቱ ገዳዮችና አማችየው ጎማ ቤቱ ውስጥ እንዳሉ ተያዙ። መዝገብ ያዧም ተፈታች። ኮሪደሩ ላይ ስታልፍ ነቀዝ ተነሥታ «ይቅርታ አድርጊልኝ» አለቻት። ሴትዮዋ ለምን እንደሆነ አልገባትም፤ ግን ጉንጯን ሳመቻት።

ኢንስፔክተሩ ዘበኛው ወደታሰረበት ክፍል በር አመሩ።

«ልጆቹ ደህና መሆናቸውን ልንገረው።»

«ነገ ጠዋት» አለች ነቀዝ።

«ልጄ…»

«እኔ ሌሊቱን ሙሉ ደውያለሁ። ይጠራል፣ አይነሳም። የእትዬን ነፍስ መልሱልኝ አላልኩም። ያቺን አንዲት ሌሊት ግን ይቅመሳት።»

ኢንስፔክተሩ እጃቸው የበሩ እጀታ ላይ ቀረ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እሳቸውም በሥራቸው ብዙ የተወጋ ሰው አይተዋል። እጀታውን ለቀቁትና ኮፍያቸውን አንሥተው ወደ ደረጃው ሄዱ።

«ልጆቼ ደህና ናቸው?» አለ ዘበኛው ከውስጥ፤ በሩን እየደበደበ። «ደህና ናቸው? አንድ ሰው ይመልስልኝ!»

ነቀዝ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ሰማችው። መልሱን ታውቀዋለች። አልመለሰችለትም።