መዝጊያው እና የኩዊንሲ እህት

ላቬል ትሪፕሌት በሆስፒታሉ ኮሪደር ወዲያ ወዲህ ሲንጎራደድ ነርሷ ወንበር አሳየችው። አልተቀመጠም። መቼም ቢሆን አንድ ቦታ መርጋት አይሆንለትም፤ ያን ቀን ደግሞ ባሰበት።

በአሜሪካዋ በርሚንግሃም ከተማ ውስጥ እሱን የማያውቅ አልነበረም። በአሜሪካ ፉትቦል ኳስ ይዞ የሚሮጠውን ሰው ጥሎ ማስቆም የተከላካይ ሥራ ነው፤ በዚህ ሥራ ላቬልን የሚያህል አልተገኘም። «መዝጊያው» ይሉታል። በእሱ በኩል ማን ያልፋል!

የክፍሉ በር ተከፈተና አንዲት ወጣት ሴት ወጣች። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። እንደዚያም ሆና ታምራለች ብሎ አሰበ፤ በማሰቡም ወዲያው አፈረ።

«አንተ ነህ አይደል?»

«አዎ... ላቬል እባላለሁ። ኩዊንሲ እንዴት...»

«የወንድሜን ስም እንዳትጠራ! አንገቱን ሰብረህ ጨፈርክበት። አገር ሁሉ አይቶሃል! አሁን ደግሞ አበባ ይዘህ መጣህ?»

«እኔ...»

«ውጣልኝ!»

አበባውን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ወጣ።

ነገሩ የሆነው እሑድ ዕለት ነበር። ኩዊንሲ ጊልክሪስት የበርሚንግሃም ልጅ ሆኖ ለሌላ ከተማ ቡድን የሚጫወት ሯጭ ነው። ኳሷን በብብቱ ሸጉጦ ሲበር ላቬል በትከሻው መታው። ሕግ አልጣሰም፤ ዳኛውም ጥፋት ነው አላለም። ኩዊንሲ ወደቀ። ላቬል እንደ ልማዱ ደረቱን እየደቃ ጨፈረ፤ ስታዲየሙ በጩኸት ተናወጠ። ከዚያ ጩኸቱ በአንዴ ጸጥ አለ። ላቬል ዞር ሲል ኩዊንሲ እዚያው ተዘርግቷል። ጣቶቹ አይንቀሳቀሱም።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ጠበበው። መኪናውን አስነስቶ ከተማዋን ይዞራል፤ ይመለስና እንደገና ይወጣል። እግሩ ግን ዞሮ ዞሮ ሆስፒታሉ በር ላይ ያደርሰዋል። በተባረረ ማግስትም ሄደ። የኩዊንሲ እናት እማማ ኦፓል በመስታወቱ ሲያዩት ቆዩና በሩን ከፈቱ።

«አንተ ልጅ፣ ወለሉን ልትጨርሰው ነው እንዴ? ና ግባ!»

«እማማ፣ እህቱ ትቆጣለች...»

«የወለድኩት እኔ ነኝ፣ እሷ አይደለችም። ግባ ብዬሃለሁ!»

ኩዊንሲ አንገቱ ታስሮ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። የገባው ማን እንደሆነ ሲሰማ ከንፈሩ ፈገግ አለ።

«መዝጊያው! መጣህልኝ? ስማ፣ ኳሷ ግን ከእጄ አልወጣችም። ካላመንክ ፊልሙን እየው!»

ላቬል ሊስቅ ሲል እንባው ቀደመው። እህቱ ራሞና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ራሞና ትምህርት ቤት ውስጥ የማርሽ ባንድ ታስተምራለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ሜዳ ዳር ጥሩንባ እየነፋች ያደገች ናት፤ ጨዋታውን በደንብ ታውቀዋለች። ለብዙ ቀናት አንድ ቃል ሳትተነፍስለት ቆየች። በመጨረሻ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መኪና ማቆሚያው ላይ ጠብቃ አስቆመችው።

«መምታትህ ሥራህ ነው። እሱ ይገባኛል። ለምን ጨፈርክ?»

ላቬል ዓይኗን ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

«መውደቁን እንጂ አለመነሳቱን አላየሁም።»

«ዋሽተህ ቢሆን...»

«አልዋሸሁም። ሳየው ተንበረከክኩ። እጁን ይዤ አምቡላንስ እስኪመጣ ስሙን ስጠራ ነበር። ቴሌቪዥኑ ጭፈራውን ብቻ ነው ደጋግሞ ያሳየው።»

 ራሞና ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

«ዛሬ ምሳ በልተሃል?»

«አልበላሁም።»

«ታስታውቃለህ። ና፣ እየሄድን የምንበላው ነገር እንግዛ። አንተን ማን ያስቀምጥሃል!»

የተጠበሰ ዓሣ በዳቦ ገዝተው እየበሉ ሄዱ። በሌላ ቀንም ሄዱ። እሷ ጥሩንባ ነፊ ተማሪዎቿን እያስመሰለች ታስቀዋለች፤ እሱ ለማንም ነግሮት የማያውቀውን ይነግራታል፦ ከጨዋታ በፊት እንደሚያስመልሰው፣ ዝናው እንደ ጠባብ ጫማ እንደሚጨንቀው...

ኩዊንሲ በሁለት ምርኩዝ ቆሞ በተራመደ ዕለት ራሞና ከደስታ ብዛት የላቬል አንገት ላይ ተጠመጠመች። ልትለቀው ስትል አልለቀቃትም። እሷም መልሳ አቀፈችው።

«ኧረ እኔ ነኝ የተራመድኩት!» አለ ኩዊንሲ። «እኔን ማን ያቅፈኝ?»

ሐኪሞቹ ግን ፉትቦል ለእሱ እንዳበቃለት ቁርጡን ነገሩት።

አዲሱ የውድድር ዘመን ሲጀመር ላቬል መለያውን ለብሶ ገባ። ያ መዝጊያው ግን አልነበረም። ሯጭ ሲመጣበት እግሩ ይዘገያል፤ ትከሻው ወደ ኋላ ይላል። በእሱ በኩል አንዱ አለፈ፤ ሌላውም አለፈ። ሲያጨበጭብለት የኖረው ሕዝብ ይጮኽበት ጀመር። አሰልጣኙ ጠርተውት፦

«ልጄ፣ ገላህ እዚህ ነው። ልብህ ግን የት ነው?» አሉት።

 ይህን ለራሞናም አልነገራትም። መሄድ ብቻ አማረው፤ የት እንደሆነ ሳያውቅ፣ ብቻ ከዚህ ርቆ። ስልኳን ማንሳት ተወ። አንድ ጋዜጠኛ ስለ ኩዊንሲ ሲጠይቀው «ያለፈ ነገር ነው፣ ማውራት አልፈልግም» ብሎ ማይኩን ገፍቶ ሄደ። በሳምንቱ መዝጊያው በአገሪቱ ምዕራባዊ ጫፍ፣ ሲያትል ወዳለ ቡድን እንዲያዘዋውሩት መጠየቁ ተወራ።

ራሞና ልምምድ ሜዳው በር ላይ ጠበቀችው።

«ሲያትል? ከዚያ ወዲያ እኮ ባሕር ነው። ከዚያ በላይ መሸሽ አትችልም!»

«ራሞና...»

«ወንድሜ ያለፈ ነገር ነው? እኔስ? እኔም አልፌያለሁ?»

«አንቺን ባየሁ ቁጥር የሱ እጅ ነው የሚታየኝ! ያ የማይንቀሳቀስ እጅ! አሁን ገባሽ?»

ፊቷ ደም አጣ።

«ገባኝ። እንግዲያው እንዳታየኝ።»

ሄደች። አልተከተላትም። ለመጀመሪያ ጊዜ እግሩ አልታዘዝ አለው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ላቬል ልምምድ ጨርሶ ሲወጣ ኩዊንሲን ምርኩዙን አጥሩ ላይ አስደግፎ አገኘው። በላብ ተጠምቋል።

«ከመንገዱ እስከዚህ በእግሬ ነው የመጣሁት። ስለዚህ ዝም ብለህ ስማኝ።»

«ኩዊንሲ፣ እባክህ...»

«ዝም በል አልኩህ እኮ! ባለፈው እሑድ ያ ዘገምተኛ ሲያልፍህ አየሁ። አያቴ እንኳ ታስቆመው ነበር! በኔ ምክንያት ነው አይደል?»

ላቬል አንገቱን ደፋ።

«ሰውን ላለመጉዳት ብዬ...»

«ፈርተህ ስትጫወት ነው ሰው የምትጎዳው። ራስህንም ጭምር። በኔ አታሳብብ! ያን ቀን ሁለታችንም ነን ሜዳው ላይ የወደቅነው። እኔ በምርኩዝም ቢሆን ተነሳሁ። አንተ እስካሁን እዚያው ነህ፤ ይባስ ብለህ እህቴን ጣልካት።»

«ትታኛለች።»

«ጥሩንባውን እንዴት እንደምትነፋው አልሰማህማ! ሰፈሩ ሁሉ ጆሮውን ይዟል። ሂድና ታረቃት፣ እኛንም ገላግለን!»

ላቬል በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ነዳ። ባንዱ ፀሐይ ላይ ይለማመዳል። ራሞና ስታየው እጇን አነሳች፤ ሙዚቃው ቆመ።

«ሲያትል አልሄድክም?»

«አልሄድም። ለአሰልጣኙም በስልክ ነግሬያቸዋለሁ። ራሞና፣ ያን ቀን የጀመርኩትን አልጨረስኩትም። አንቺን ሳይ እጁ ይታየኛል፤ እውነት ነው። አንቺን ሳላይ ስውል ግን... ምንም አይታየኝም። ምንም!»



«ይህን ለመናገር ይህን ያህል ጊዜ?»

«ፈሪ ነኝ። ሰው አያውቅም እንጂ።»

«እኔ አውቃለሁ» አለች፣ እንባዋን በእጇ ጀርባ እየጠረገች። «እሑድ እመጣለሁ። ሸሽተህ ስትጫወት ካየሁህ ግን ከመሃል ተነስቼ ነው የምወጣው።»

እሑድ መጣች። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ግዙፉ የእንግዳው ቡድን ሯጭ ኳሷን አቅፎ በላቬል በኩል ገሰገሰ። ላቬል አንዲት ቅጽበት ብቻ አመነታ። ከዚያ ዝቅ አለ፣ በትከሻው ገባ፣ ሁለት ክንዱን ጠምጥሞ አነሳውና ጣለው። ስታዲየሙ ፈነዳ። ላቬል አልጨፈረም። በወደቀው ሰው አጠገብ ተንበርክኮ ፊቱ ላይ አጎነበሰ።

«ደህና ነህ? ወንድሜ፣ ደህና ነህ?»

«አንተ በሬ! ከላዬ ውረድልኝ እንጂ ደህና ነኝ!»

እጁን ይዞ አነሳው። ቀና ሲል ራሞና ከተመልካቹ መሃል ቆማለች። አፏን በሁለት እጇ ይዛ ታለቅሳለች፤ ግን አልወጣችም።

ላቬል ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ተጫወተ፤ ሽልማቱም ተደራረበለት። የጣለው ሰው ተነስቶ ሲራመድ ሳያይ ግን ወደ ቦታው ተመልሶ አያውቅም።

ከዚያ ጨዋታ በኋላ በመጣው ጸደይ ላቬልና ራሞና እማማ ኦፓል በሚያገለግሉበት ቤተ ክርስቲያን ተጋቡ። በግብዣው ላይ ኩዊንሲ ጠረጴዛውን ተደግፎ ተነሳ። እናትየው መሀረባቸውን ከወዲሁ አወጡ።

«ይህ ሰው እኔን በአንድ ምት ጣለኝ» አለ፣ ወደ ሙሽራው እያየ። «እህቴ ደግሞ በአንድ እይታ ጣለችው። በቃ፣ አንድ ለአንድ ወጥተናል!»